ገብረመስቀልን የሰረዘው ፕሮግራም

ሰኞ
ደሜ ፈልቷል። ዛሬ ጠዋት ዘበኛው አቶ ገብረመስቀልን ከፋብሪካው በር መለሳቸው። «ስምዎ ከቋሚ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ የለም» አላቸው። ከጣና ማዶ፣ ከደልጊ፣ በወጣትነታቸው መጥተው በማሽን ጥገና ያረጁ ሰው! ዝርዝሩን ያወጣው የእኛ ክፍል ኮምፒውተር ነው። አለቃዬን ሽፈራውን ጠየቅሁት። «ማሽን አይሳሳትም፤ ተቀንሰው ይሆናል» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ማክሰኞ
ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብሁት። የጻፈው ራሱ ሽፈራው ነው። ከየክፍሉ የመጡትን ስሞች አንድ ላይ ይደረድርና ሁለቴ የገባውን ይሰርዛል። እስከዚህ ደህና። ግን ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ስሙን በስድስት የላቲን ፊደል፣ የአባትን ስም በሦስት ቆርጦ ነው የሚያወዳድረው! እንዲህ ከሆነ ገብረመስቀል አለሙና ገብረማርያም አለማየሁ አንድ ሰው ናቸው። ወልደማርያምና ወልደሚካኤልም እንደዚሁ። ሰውዬው የዚህን አገር ስም ሰምቶ አያውቅም?

አቶ ገብረመስቀል ከበሩ ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።
«የኔ ልጅ፣ አባረሩኝ እንዴ?»
«የቆረጡት ስምዎን ነው አባባ፣ እርስዎን አይደለም» አልኋቸው። መልሱ ለራሴም አልጣመኝ።

ረቡዕ
ለሽፈራው ነገርሁት። በሩን ዘጋው። «ይህን ውጭ ብታወሪ አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ።» በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ያስወጣኝ ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ ንዴት ነው።

ከምሳ በኋላ ማስተካከል ጀመርሁ። ከስሙ ጫፍ ያለውን ባዶ ቦታ መከርከም። ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ ማድረግ። ከዚያ ሙሉውን ስም ከነአያቱ ማወዳደር። ሞከርሁት። ሁለቴ ከገቡት ስሞች ገሚሶቹ አልጠፉም! የተረገመ።

ሐሙስ
ገባኝ! አንድ ስም ሲሰረዝ ከታች ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ከፍ ይላሉ። እኔ ወደሚቀጥለው ስሻገር በቦታው የተተካውን ሳላየው አልፌዋለሁ። መድኃኒቱ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ ነው። በቃ! ድግግሞሹ ጠፋ፤ ያለ አግባብ የወጡት ሁሉ ተመለሱ።

አዲሱን ዝርዝር አተምሁት። ለሽፈራው ሳላሳይ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ወሰድሁ።
«የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማን ነው የጻፈው?» አሉ።
ስሙን ነገርኋቸው።

ዓርብ
አቶ ገብረመስቀል ገቡ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። ሽፈራው ስብሰባ ላይ ቆሞ «የማሽኑ ብልሽት ተስተካክሏል» አለ። ብልሽት! ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው «እሱ የጻፈውን የዓመት ፈቃድ ፕሮግራምም አንቺ እይው» አሉኝ። ሽፈራው ሰምቷል።

ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር ወርጄ ፊቴን ታጠብሁ። ንዴቴ አልበረደም። ሰኞ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም፤ እሄዳለሁ።