ከሮውሌት ያልመጡት አሥራ አንዱ

ረቡዕ

ዳዊት ዛሬም ስልኬን አላነሳም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ቴክስት አደረግኩለት፤ አይቶታል፣ አልመለሰም። የአክስቴ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበለኝ፣ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። አሁን እኔ ለገዥው፣ እሱ ለሴናተሩ በነፃ የምንቀሰቅስ ቮሉንቲር ሆነን ባዕድ ሆነናል። ሁለቱ ሰዎች እኮ የአንድ ፓርቲ ናቸው! ገና ዕጩ ፕሬዚዳንት ለመሆን ነው እርስ በርስ የሚፎካከሩት።

እትዬ ብርሃኔ እንደነገሩኝ ዳዊት እሳቸውን ጨምሮ ዳላስ አጠገብ ካለችው ከሮውሌት አሥራ አንድ ሽማግሌዎችን በቫኑ ሊያስመርጥ ለአርብ ቀጥሯል። አርብ ከምርጫው ቀን ቀድሞ ድምፅ መስጠት የሚቻልበት የመጨረሻው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዋናው የምርጫ ቀን፣ ማክሰኞ ብቻ ነው፤ የማክሰኞን ሰልፍ ደግሞ ጉልበታቸው የሚችለው አይመስለኝም። መንገድ ላይ ምን እያለ ይሰብካቸው ይሆን? ቀበቶ እያሰረላቸው፣ በር እየከፈተ...

ካይል ጋ ሄጄ ነበር። ካይል የገዥው ዘመቻ አስተባባሪ ነው። ኧርቪንግ ከተማ የምሠራበት ሆቴል ሲያርፍ ተዋወቅን፤ አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልግ ነበር። ዜግነት ካገኘሁ ገና ዓመቴ ነው፤ "ያንቺ ድምፅ ያስፈልገናል" ሲለኝ ደስ አለኝ። ዛሬ ሰሌዳ ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ቴክሳስ ላይ አንደኛ የወጣ ሁሉንም ጠቅልሎ አይወስድም። ዴሊጌት የሚባሉት ወኪሎች በየአካባቢው በድምፁ መጠን ይከፋፈላሉ። ፉክክሩ ሲቀራረብ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ወኪል ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዞሩ ይችላሉ። "አንዳንዴ አንድ ቫን ሙሉ ሰው ይበቃል" አለ። ቫን ያለው ለምን ይሆን? ስለ ዳዊት አልነገርኩትም ነበር።

ከዚያ አጭር መልዕክት እንድተረጉም ሰጠኝ። የምርጫ ጣቢያው በአየር ጠባይ ምክንያት ዛሬ ዝግ ነው፣ እስክንደውል ከቤት አይውጡ የሚል። በረዶ ከጣለ ለጥንቃቄ ነው አለኝ። እዚህ አስፋልቱ መስታወት የሚሆንበት ቀን ስላለ አልገረመኝም። ደረቅ እንዳይሆን ከራሴ "ውድ እናቶችና አባቶች፣ ጤናዎ ይቀድማል" ብዬ ጨመርኩበት።

ሐሙስ

ገዥው ፍሪስኮ መጡ። አዳራሹ ባለ ሸሚዝና ኮት ሰው ሞልቶ ነበር። "በነጋዴው ላይ አዲስ ሸክም አልጭንም" አሉ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ባለፈው ሳምንት ፎርት ወርዝ ለመጋዘን ሠራተኞች ደሞዝ ሳላስጨምር አልተኛም ሲሉ እዚያም ነበርኩ። እዚያም ተጨብጭቧል። እዚያ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ።

ለካይል ነገርኩት። "ሁለቱም እውነት ነው" ብሎ ሳቀ።

ወዲያው የሮውሌት መራጮችን ስም ዝርዝር አወጣ። የሴናተሩ ደጋፊዎች የትኞቹ እንደሆኑ በቀይ ምልክት አድርጊ አለኝ። ለምን? አይለወጡም፣ ለእነሱ በመደወል ጊዜ እንዳናባክን ነው አለ። ኦኬ፣ ስሜት ይሰጣል። የዳዊትን አሥራ አንዱንም ሰዎች ቀይ አደረግኳቸው። የእትዬ ብርሃኔ ስም ጋ ስደርስ እጄ ከበደኝ። ባላቸውን ያጡ ሰሞን ሁለት ወር ቤታቸው ያደርኩ ሰው ነኝ። ግን ምልክት ነው፣ ሌላ ምን አለው ብዬ አደረግኩት።

አርብ

ጠራራ ፀሐይ። ሰው በቲሸርት ነው የሚሄደው።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳዊት ደወለ። ሰላምታ የለም። "ማነው የላከው?" አለኝ። ምኑን? ከአሥራ አንዱ አንድም ሰው አልወጣለትም። ጣቢያው ዝግ ነው የሚል መልዕክት በአማርኛ ደርሷቸው ሁሉም በር ዘግተው ተቀምጠዋል። ጣቢያው ክፍት ነው ብሎ ቢምልላቸው ደግሞ እሱን ነው የተጠራጠሩት። አንዱ አባት "ልጄ፣ መንግሥት ዝጉ ካለ አንተ ማን ነህ?" አሉት።

"እኔ ምንም አላውቅም" አልኩት።

"የገዥው ሰዎች አማርኛ የሚጽፍ ስንት ሰው አላቸው?"

ዘጋሁበት። ተመልሼ ሺፍቴ እስኪያልቅ እንግዳ መዘገብኩ። የምጠረጥረው እሱን ነው። ሰዎቹን ማምጣት አልቻለም፣ ሰበብ ፈጠረ። ወይም የሴናተሩ ሰዎች ራሳቸው ልከውት በእኛ ሊያላክኩ ነው። ፖለቲካ እንዲህ ነው ይላሉ አይደል? ያን የበረዶ መልዕክት አስታወስኩት። ወዲያው ደግሞ ተውኩት፤ በረዶ የለማ።

ቅዳሜ

እትዬ ብርሃኔ ጋ ሮውሌት ሄድኩ። ሰላም ብዬ ሳልቀመጥ ስልካቸውን ጠየቅኩ። መነጽራቸውን ፈልገው፣ ስልኩን ፈልገው፣ እስኪሰጡኝ አንድ ዓመት መሰለኝ።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ጤናዎ ይቀድማል።

የኔ ነው። አራት ነጥቡ ሳይቀር የኔ ነው።

"ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ" አሉኝ። "ጥሩ ልጅ ነው የጻፈው። ለእኛ የሚያስብ ሰው አለ ብዬ እኮ ደስ ብሎኝ ነው የቀረሁት።"

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ጣቢያው ዝግ አልነበረም፣ ማክሰኞ ግን መምረጥ ይችላሉ ብቻ አልኳቸው። ስልካቸውን ከእጄ ወሰዱ። አሁን እኔንም መጠራጠር የጀመሩ መሰለኝ፤ ቢጠራጠሩ ልክ ናቸው።

መኪና ውስጥ ሆኜ ቀይ ያላደረግኳቸው፣ የገዥው ደጋፊ የሆኑ ሦስት ሰዎች ጋ ደወልኩ። አንዳቸውም ያን መልዕክት አላዩም። የደረሰው ለቀዮቹ ነው።

እሑድ

ጠዋት ቢሮ ሄጄ ካይልን ያዝኩት። አልደነገጠም። መልዕክት የሚልክልን ድርጅት ሲሞክር ተሳስቶ ነው አለ።

"ሙከራው ቀይ ያደረግኳቸውን ብቻ እንዴት መረጠ?"

"ሰብለ፣ ማንም አልተጎዳም። ማክሰኞ አለ።"

"እንግዲያው ዛሬ ማስተካከያ እንላክላቸው።"

ጠበቆች ማየት አለባቸው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወንድም፣ "ጽሑፉ ያንቺ ነው፤ ፋይሉ ላይ ስምሽ አለ። ነገሩን ባታጦዢው ለራስሽም ይሻላል" አለኝ።

ቤት ገብቼ ፓስፖርቴን ከመሳቢያ አወጣሁት። ገለጥኩት፣ መለስኩት፣ ደግሞ አወጣሁት። ዜግነት በዚህ ይነጠቃል? ማንን ልጠይቅ?

ዳዊትን ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ጠበቅኩት። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲሳሳም እኔ የቫኑ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ቀዩን ምልክት ሳልደብቅ። ስጨርስ፦

"ጠርጥረሽኝ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔም አንቺን።"

"ያንተው ልክ ነበር" አልኩት።

ሊሳደብ ነው ብዬ ነበር። ቁልፉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያቀያየረ ቆየና "አሥራ አንዱን ማን ይነግራቸዋል?" አለ።

ሰኞ

እኔ ነገርኳቸው። በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም። ሥራ አልገባሁም።

ሁለቱ አላነሱም። አንደኛው አባት ይቅርታዬን ሰምተው "እሺ፣ አሁንስ ማን ልኮሽ ነው?" አሉኝ። ማንም አልላከኝም ብል አላመኑም። አንዲት እናት አለቀሱ፤ ያለቀሱት በእኔ ሳይሆን ያን ጽሑፍ በማመናቸው ነው። አንዱ ዘጉብኝ። እትዬ ብርሃኔ "ጥሩ ልጅ ነው ያልኩሽ አንቺ ነበርሽ?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ነገ ስንት ሰዓት ትመጪያለሽ?" አሉና ዘጉት።

ለካውንቲው፣ ማለት ለአውራጃው፣ ምርጫ ቢሮ ደውዬ ያየሁትን ተናገርኩ። ሴትዮዋ ስሜን ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከዚያ ለካይል ቮሉንቲርነቱን ትቻለሁ ብዬ ቴክስት አደረግኩ። መልሱ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ። ያቺ አውራ ጣት ምን ማለት እንደሆነች ቀኑን ሙሉ አሰብኩ።

ማክሰኞ

እኔ በመኪናዬ፣ ዳዊት በቫኑ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ወጡ። ሦስቱ አንሄድም አሉ። አንዱ ታመዋል ተባለ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አሁን ሁሉን ነው የምጠራጠረው።

በመንገድ ላይ ስለ ማንም ዕጩ ላናወራ ከዳዊት ጋር ተስማማን። ዳዊት ደረቱ ላይ የነበረውን የሴናተሩን ባጅ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ሰልፉ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንዲት ወጣት አስመራጭ ለእትዬ ብርሃኔ ወንበር አመጣችላቸው፣ ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወንበሩን በየተራችን ወደፊት እያስጠጋን አብረናቸው ሄድን። ጠረጴዛው ጋ የየትኛውን ፓርቲ የምርጫ ወረቀት እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ዞር ዞር ብለው አዩና በጆሮዋ ነገሯት። ለእኔም ተራ ደረሰኝ። ማሽኑ ፊት ብዙ ቆምኩ። የገዥውን ስም አየሁ፣ የሴናተሩን አየሁ፣ የዳዊት ሰው ደግሞ ከዚህ ይሻላል ያለኝ ማን ነው አልኩ። በመጨረሻ መረጥኩ። የመጀመሪያ ድምፄ ነው፤ እዚህም ላይ አልጽፈውም።

ቆጠራው አላለቀም። የእኛ አካባቢ በጣም ተቀራራቢ ነው፣ ወኪሉ ለማን እንደሚሄድ እስካሁን አልታወቀም። ከቀሩት አራቱ አንዱ ቢሆንስ የሚለየው? ይህን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

ወደ ማታ ከካውንቲው ደወሉ። ሐሙስ ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ ይፈልጋሉ። እንደ ምስክር ነው ወይስ እንደ ጥፋተኛ ብዬ ጠየቅኩ። "የሚያውቁትን ብቻ ይዘው ይምጡ" አለኝ ሰውየው፤ ሌላ አልጨመረም።

ለዳዊት ነገርኩት። ጠበቃ የሆነች የማውቃት ሴት አለች፣ ነገ ጠዋት እጠይቃታለሁ አለ። ቀጥሎ፣ ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው? አለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አልኩት።

"ሁለት ተኩል ላይ በርሽ ላይ ነኝ" አለ።