ቢላዬን የሰበረው ኮኮናት

አቴ ሉሚንግ፣ ታላቅ እህቴ፣

እጅሽ ይባረክ። ከአሮጌ ጂፕኒ ታክሲ ባሌስትራ ሦስት ሳምንት በሞረድ ፍቄ ያወጣሁትን ቢላ፣ ኮኮናት ልፍለጥበት ብለሽ ለሁለት ሰበርሽልኝ!

ቢላው ምድጃ ውስጥ የነበረው እንዲበስል እንጂ ረስቼው አይደለም፤ አንቺ ሳይሞቅ አወጣሽው። የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላ እንደገና ቀስ ብሎ ካልሞቀ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ።

የነከርኩትም አንቺ ዓሣ በምትጠብሺበት ዘይት ነው። ትናንት «ዓሣው ምን ነካው?» ስትዪ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።

ሰርቪሱ ክላክስ እያደረገብኝ ነው። ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ።

ስባሪዎቹን እንዳትጥያቸው። ረዥሙን ሞርጄ ትንሽ የዓሣ ቢላ አደርገዋለሁ። ለእኔ እጅ ያንሳል፤ ላንቺ ልክ ነው።

እስከዚያ ኮኮናቱን በጥርስሽ።

ኢስኮ