በውጭ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ

ጥቅምት 4
ቢሮ እንደ ወትሮው። የመልእክት ክፍሉ ማሽን ተበላሽቶ ስንነካካው ረፈደ። ከሰዓት አለቃዬ የምስጢር ሥራ ፈቃድ ማደሻ ቅጽ አደለን። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስሠራ ሦስተኛዬ ነው። ሰባተኛው ገጽ ላይ፦ «በውጭ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ።» ታናሽ እህቴ አለች... ድንበር ማዶ ካገባች ሁለት ዓመቷ። ባሏ የዚያ አገር ጦር ሐኪም።

ጥቅምት 5
አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ «ባሏን ምን አመጣው? እህት አለችኝ ብለሽ እለፊ» አለኝ። እሱ ውጭ ያለ ወንድሙን አልጻፈም። እኔ ሁሉንም ጻፍኩ። ሐቀኛ ሆኜ ነው ወይስ ፈርቼ?

ጥቅምት 19
መርማሪው ጠራኝ። ትሑት ሰው፤ ወንበር ሳበልኝ።
«እህትዎ በየስንት ጊዜው ይደውላሉ?»
«እሑድ እሑድ። የምታወራው ከእናቴ ጋር ነው።»
«ባልየው ወታደር ነው።»
«ሐኪም ነው።»
«ደመወዙን ማን ይከፍለዋል?»
«ጦሩ።»
ከዚያ፦ «የዚያ አገር ሰዎች እህትዎን ይዘው ከዚህ ቢሮ አንድ ወረቀት አምጪ ቢሉዎት ምን ያደርጋሉ?»
መልሱን አውቀዋለሁ። ለእናንተ አሳውቃለሁ፣ በቃ። ግን አፌ ተሳሰረ። እሷን ሳስባት... በመጨረሻ ስናገር የእሱ እስክሪብቶ ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ጥቅምት 20
አለቃዬ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ግንኙነቱ ቆሟል ብለሽ ብታመለክቺ ይረዳሽ ነበር። እኔ አላልኩሽም።»

ጥቅምት 23፣ እሑድ
እናቴ እንዳትሰማ ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።
«ለጊዜው አትደውይ።»
«እማዬ ጋስ?»
«እሷም ጋ። አንድ ቤት ነን።»
«አርግዣለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ ነበር።»
እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ዘጋሁ። ለእናቴ መስመሩ ተበላሽቷል አልኳት።

ጥቅምት 24
«ግንኙነት አቋርጫለሁ» ብዬ ፈርሜ አስገባሁ።

ኅዳር 7
እናቴ ስልኩን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ትውላለች። «ምን አስቀየምኳት?» አለችኝ። ሰሃን እያጠብኩ ነበር። አልዞርኩም።

ኅዳር 26
ደብዳቤው መጣ። ሦስት መስመር። ፈቃዴ አልታደሰም፤ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሬያለሁ። ባልደረባዬ ቀና ብሎ አላየኝም። የእሱ ታድሷል። ጥበቃው መግቢያ ካርዴን ሲቀበል፣ «ታዝዤ ነው እህቴ» አለ።
መርማሪውን በር ላይ አገኘሁት። «አቋርጬ ነበር እኮ...»
«አይተናል። ስንጠይቅዎ ለእህትዎ ሲሉ ዝም አሉ፤ በአምስተኛው ቀን ቆረጧት። የትኛዋን እንመን?»
በጨዋ ድምፅ ነው ያለው።

ኅዳር 27
ደወልኩላት። ቁጥሩ አይሠራም። የባሏም። አትደውይ ብያት የለ? እንዳልኳት አደረገች።

ታኅሣሥ 10
ዛሬ ለእናቴ ነገርኳት። ሁሉንም።
«ማርገዟን መቼ ሰማሽ?»
«ጥቅምት ሃያ ሦስት።»
ተነስታ ሻንጣ አወረደች። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ድንበር ድረስ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ጠይቃ ትደርሳለች፤ ጉልበቷ ግን ደረጃ እንኳ አይወጣም። አብሬሽ ልምጣ አልኳት።
ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም።
«አንቺማ ሥራ አለሽ» አለችኝ።