እጀታውን የሳበው እጅ

ሐምሌ 9 ቀን፣ ከጦር አውሮፕላን ማረፊያው

ይድረስ ለአባባ፣ ለእማዬም ጭምር፤

እንደምን ከርማችኋል? እኛ ደህና ነን። እማዬ፣ ዓይንሽ እምቢ እያለሽ በዳሰሳ የሠራሽው ካልሲ ደርሶናል። ልጆቿ በፈቃዳቸው ሰው አገር ሄደው ጦርነት ገብተው፣ እግራቸው እንዳይበርዳቸው የምትጨነቅ እናት አንቺ ብቻ ነሽ! ማሙሽ የኔንም ድርሻ ወሰደብኝ፤ አመሉን ታውቂዋለሽ።

አባባ፣ ጮክ ብለህ የምታነብላት እስከዚህ ነው። የሚቀጥለውን ለብቻህ አንብበው።

ማሙሽ ሞቷል። ማክሰኞ ጠዋት፣ በኔ ጥፋት።

አንተ ባስተማርከን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ለመፍጠን የጋዙን እጀታ ወደ ራስ መሳብ ነበር። የእነዚህ ሰዎች አውሮፕላን የሚፈጥነው ግን ወደ ፊት ሲገፉት ነው። ሦስት ወር ሙሉ «ግፋ፣ ግፋ» እያልኩ አልጋዬ ላይ ሳይቀር ተለማምጃለሁ። ማክሰኞ የጠላት ጥይት ክንፌን ሲበሳሳው ግን እጄ ያን ሁሉ ረስቶ ሳበው። ፍሬን እንደያዘ መኪና ተገታሁ። ማሙሽ እግር በእግር እየተከተለኝ ነበር፤ እንዳይገጨኝ ሽቅብ ሲወጣ አንዱ ጠላት የአውሮፕላኑን ሆድ በጥይት ዘረገፈው። በሬዲዮ «ወንድም ጋሼ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁት። ዘሎ ወጣ፤ ጃንጥላው ግን በእሳት ተያይዞ ነበር።

የተኮሰበትን ሰው አለቀቅኩትም። ጥይቴ እስኪያልቅ አርከፈከፍኩበት፤ መስታወቱ በደም ሲሸፈን አየሁ። መሬት ላይ እስኪከሰከስ ድረስ እየተሳደብኩ ተከተልኩት። አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር፤ ምንም!

ስንወጣ በር ላይ ክንዴን ይዘህ «አደራ፣ ከኋላህ እንዳይለይ» ብለኸኝ ነበር። አልተለየም፣ አባባ። አደራ በላው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት ብለህ ራስህን እንዳትወቅስ፤ እጁ የኔ ነው። ነገ ሌላ ልጅ ከኋላዬ ይመድባሉ፤ እጀታውን የሳበውን ግራ እጄን ሳየው እፈራዋለሁ።

ለእማዬ መቼ እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ። እኔ አልችልም። አሁን ድምፅህን ከፍ አድርግና ይህን አንብብላት።

እማዬ፣ ማሙሽ ራሱ ያልጻፈልሽ ሥራ በዝቶበት ነው። ጉልበትሽን ይስማል። ለሚቀጥለው ብዙ አትድከሚ፤ አንድ ጥንድ ካልሲ ይበቃናል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ልጆቻችሁ