ግጥምን ቆመው ጮክ ብለው በማንበብ የሚመርጡት የጋሽ ትንፋሽ የሕይወት ታሪክ

አጎታችን ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ወንዝ ዳር በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት ዘግይተው ስለነበር ቤተሰቡ ዲዳ ይሆናሉ ብሎ ሰግቶ ነበር። ከፈቱ በኋላ ግን ዝም የሚያሰኛቸው አልተገኘም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1967 ዓ.ም. አጠናቀው በማተሚያ ቤት አራሚነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከማሽኑ ጩኸት አጠገብ የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ኖሩ። በ1975 ዓ.ም. የሂሳብ መምህርት የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1982 ዓ.ም. ማንም የማያውቃቸውን ወጣቶች ግጥም የምታወጣ ትንሽ መጽሔት መሠረቱ። የሚመርጡበት መንገድ አንድ ነበር፤ የደረሳቸውን ግጥም ቆመው ጮክ ብለው ያነብባሉ። በአንድ ትንፋሽ ያልወጣ ስንኝ ይቆረጣል፣ ካልሆነም ግጥሙ ይመለሳል። ወጣቶቹ “ጋሽ ትንፋሽ” ያሏቸው ከዚህ የተነሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤታቸው ደረጃ ላይ ተደርድረው፣ ከውስጥ የሚነበበው የማን እንደሆነ ጆሯቸውን ቀስረው ሲያዳምጡ የፈተና ውጤት የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ባለቤታቸው አክስታችን “ግቡ እንጂ ልጆቼ፣ ደረጃውን እኮ አሞቃችሁት” ቢሏቸውም ደፍሮ የሚገባ አልነበረም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በመጽሔቲቱ የሚወጡት ግጥሞች እያጠሩ መጡ። በስንኞቹ ጫፍ ያለው ነጭ ቦታ ሲሰፋ እያየን እኛ ቤተሰቦቻቸው የወጣቶቹ ፋሽን መስሎን ነበር። ነገሩን ያስተዋለችው መስታወት ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ገጣሚ ናት።

“ጋሼ፣ የእኛ ስንኝ ነው የረዘመው ወይስ የእርስዎ ትንፋሽ ነው ያጠረው?” ብላ ጠየቀቻቸው።

ደግሞ ሐኪም ሆንሽልኝ ብለው ቀለዱባት፤ በማግስቱ ግን ሐኪም ቤት ሄዱ። ሳንባቸው ከተጎዳ መቆየቱ ተነገራቸው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳቸው ሞት አልነበረም። የትኛው ግጥም በራሱ ድካም፣ የትኛው በእርሳቸው ሕመም እንደወደቀ መለየት አለመቻላቸው ነበር። የመለሱባቸውን ወጣቶች እያስጠሩ ግጥማቸውን ራሳቸው እንዲያነቡላቸው አደረጉ፤ ተኝተው እየሰሙም የቆረጡትን ብዙ ስንኝ ወደ ቦታው መለሱ። በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ስንኝህ አያልቅም፣ ጆሮም የለህም፣ ሌላ ሥራ ፈልግ ብለው ያሰናበቱት ወጣት ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር እርሱ መስሏቸው ቀና ይሉ ነበር፤ መድኃኒት ይዞ ለሚገባ ሰው እንኳ ፊታቸው ይጠቁር ጀመር።

ወጣቱ ከሚሠራበት ጎሚስታ ቤት ተፈልጎ ተገኘ፤ ባለፈው ሰኞም እጁን በቅጡ ሳይታጠብ መጣ። ግጥሙን በቃሉ ይዞት ነበር። ረጅም ነው፤ እርሱ ግን አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ሲጨርስ አጎታችን ዐይናቸውን እንደጨፈኑ “እንዳለ ይውጣ፤ አንድ ፊደል እንዳትነኩበት” አሉ። ቀጥለውም አዲስ ነገር ይዞ እንደሆነ ጠየቁት።

“የለኝም ጋሼ። ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሳሁም” አላቸው።

እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አቆዩት። ከሄደ በኋላም ይጽፍ ይሆን እያሉ አክስታችንን ሲጠይቁ አመሹ፤ አክስታችንም ይጽፋል ለማለት አልደፈሩም። ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የቆረጧቸው ስንኞች የተመለሱባት እትም ማተሚያ ቤት ገብታለች። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ገና መልስ የሚጠብቁ ወጣቶችን ትተው ሄደዋል። ግጥም የያዘ ፖስታ ትናንትም መጥቷል፤ ማን እንደሚያነበው አላወቅንም።

ፈጣሪ ለአጎታችን ነፍስ ዕረፍትን ይስጥልን፤ የዚያን ወጣት እጅ ደግሞ ይፍታልን።