የቃሉን ጎረቤቶች ጠይቂ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣ ከዚህ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን እየሳምኩ እንዴት ሰንብተሻል እላለሁ። ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ዓይንሽስ? የላክሁልሽን መነጽር እያደረግሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለእንግዳ አስቀምጠሽዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ተመስገን። ይህን የሚያነብልሽ ጋራዥ ሠራተኛው ወንድሜ መጀመሪያ እጁን ይታጠብ፤ ያለፈውን ደብዳቤዬን በግራሶ አጨማለቀው አሉ።

እማዬ፣ እልል በይ፤ ፈተናውን አለፍኩ! ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ ታማሚዎች ወደሚተኙበት ክፍል ረዳት ሆኜ ልገባ ነው። ሁለቴ መውደቄን ደብቄሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ይኼ ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሌ ነበር። ብወድቅ ኖሮ እስከ ጡረታዬ ከአንሶላና ከእንፋሎት ጋር ስታገል መኖሬ ነበር።

የጣለኝ ንባቡ ነው። አንድ ጽሑፍ ይሰጡሻል፤ መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ ከሥር ከተደረደሩት አራት ቃላት የሚስማማውን ትመርጫለሽ። ጓደኞቼ የዚህን አገር ቃላት ሲሸመድዱ አይቼ እኔም ደብተር ሙሉ ሸመደድኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ፈተናው ላይ የማውቀውን ቃል ሳይ በሰው አገር ዘመድ ያገኘሁ ይመስል ዘልዬ እጠመጠምበታለሁ። አንዱ ጽሑፍ ስለ ቁስለኛ ሰው ነበር። «ቁስሉ» ብሎ ባዶ ቦታ ሲመጣ «ዳነ» የሚለውን ስለማውቀው ከበብኩት። ቀጥሎ ያለውን መች አነበብኩ! ሰውየው ጭራሽ ብሶበት ሐኪም በጥድፊያ ተጠርቷል ለካ። ሻለቃ እያልን የምንጠራት አለቃችን ይህን ስነግራት፣ አንቺ ያዳንሽውንስ ቀብረነው መመለሳችን ነው ብላ ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ፈተና አንዲት ባዶ ቦታ ላይ ደረስኩ። ከአራቱ ቃላት ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ አራተኛው እንግዳ ነው። የማውቃቸው ዘመዶቼ ነይ ነይ ሲሉኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺ ጆንያ እየሰፋሽ እኔ ጎንሽ ሆኜ ሳነብልሽ፣ ያልገባኝ ቃል ላይ ስደናቀፍ ምን ነበር የምትዪኝ? የሰው ቤት ሲጠፋብሽ ጎረቤት አይደል እንዴ የምትጠይቂ፤ በፊቱም በኋላውም ያሉትን ጠይቂያቸው ትዪኝ ነበር። ፊደል ያልቆጠርሽው አንቺ!

ባዶዋን ቦታ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ጎረቤቶቿን ጠየቅኩ። ሴትየዋ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም ይላል ከፊት፤ ቆማ መሄድም አቃታት ይላል ከኋላ። የማውቃቸው «ወፈረች»፣ «ዘፈነች»፣ «ሮጠች» ናቸው። አንዳቸውም ከጎረቤት አልተስማሙም። እግዜር ያውቃል ብዬ እንግዳውን ከበብኩት። «ደከመች» ማለት ነው ለካ! ውጤቴን ሳይ እዚያው አለቀስኩ። እግዜር ይስጥሽ እማዬ፤ ውለታሽን በምን እከፍለዋለሁ?

ወንድሜ እንደጻፈልኝ ሰፈራችሁ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት፣ ለዕውር መነጽር ምን ያደርጋል ብለሽ እምቢ ብለሻል። አፈር ስሆን እንዲህ አትበይ፤ ዕውር አይደለሽም። ምዝገባው ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል አሉ። መነጽሩን ከሳጥን አውጪና ሂጂልኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታላቅ እህቴን ከነባሏ፣ መንታዎቿን ጉንጭ ጉንጫቸውን፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በይልኝ።

አንተ ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ። እዚያ ስትደርስ ዝም በል፤ እንዳትነግራት። እማዬ፣ ትምህርት ቤት ገብተሽ መጀመሪያ የምትጽፊው ቃል እሱ ይሁን። ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ አታስፈራም። ጎረቤቶቿን ጠይቂና በገዛ እጅሽ ሞልተሽ ወረቀቱን መልሰሽ ላኪልኝ።

«ልጄን ማንበብ ያስተማርኳት ............ ነኝ።»

የምትወድሽ ልጅሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን