ቆሞ የሚጨስ አውቶቡስ

ለማትጠገቢው እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔና አያታችን ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው ደህና ነን።

መሥሪያ ቤትሽ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶችን ናፍጣ ቆጥሮ የካርቦን ጭሳቸውን ስለሚያሰላ፣ የአያታችንንም አሮጌ አውቶቡስ ሒሳብ ላክልኝ ብለሽኝ ነበር። ይኸውልሽ፦ የዚህ ወር ናፍጣ ስድሳ ሊትር፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር ዜሮ። አለቃሽ «ይህ ልጅ ሒሳብ አልተማረም» ቢሉ፣ ቆጣሪውን በዓይኑ አይቷል በያቸው።

አያታችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ አውቶቡሱ ግቢ ውስጥ እንደቆመ ነው። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ሞተሩን አስነስተው መሪ ይዘው ይቀመጣሉ። «ወዴት ነው ጉዞው?» ስላቸው፣ «መጀመሪያ ሰው ይሙላ እንጂ!» ብለው ይቆጡኛል። ያጠበው ልብስ ጥላሸት የለበሰበት ጎረቤታችን መካኒኩ፣ «ሽማግሌው ሰማዩን ቀለም ሊቀቡት ነው እንዴ?» ይላል። እኔም አብሬው ስቄያለሁ።

ትናንት ቤቱ ጭር ሲልብኝ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። በመስታወቱ አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የሾፌሩ የልጅ ልጅ» አልኳቸው፣ እንዲስቁ ብዬ።

አልሳቁም። «እሱማ ጎበዝ ሰው ነበር» አሉና መንገዱን ማየት ቀጠሉ። ከፊታችን ያለው የግቢው አጥር ብቻ ነው።

ሥራ ካልበዛብሽ ብቅ በይ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም፤ አውቶቡሱ ሰው ስለጎደለው ብቻ ነው። በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ይዤልሻለሁ።

የማያርፈው ታናሽ ወንድምሽ